«ተደሴ ነው የመጣሁት»፦ የ«ከ» እና የ«ተ» ታሪክ

ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት የመጀመሪያ ሳምንት ነው። ዶርም ውስጥ አልጋዬን እያነጠፍኩ ሳለ አንዱ ልጅ «ከየት ነው የመጣኸው?» አለኝ። «ተመካነ ሰላም» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። መጀመሪያ የከተማዬ ስም ያሳቃቸው መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ነው የገባኝ፤ ያሳቀቻቸው ከስሙ ፊት ያስቀመጥኳት አንዲት ፊደል ናት።

ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ «ከ» ማለት ለመድኩ። ክረምት ቤት ስመለስ ደግሞ በተራቸው አያቴ ሳቁብኝ። «ምነው ልጄ፣ አነጋገርህ እንደ ሬዲዮ ሆነሳ!» አሉኝ።

እናንተም ከቦረና፣ ከሳይንት፣ ከወግዲ፣ ከለጋምቦ ወይም ከከላላ ከሆናችሁ ይህ ነገር ሳይደርስባችሁ አልቀረም። ካልሆናችሁ ደግሞ ምናልባት ከሳቁት ወገን ትሆናላችሁ። በሁለቱም በኩል ላላችሁ የምነግራችሁ ነገር አለኝ። ይቺ «ተ» የምላስ ስህተት አይደለችም። ከኋላዋ ሥርዓትም ታሪክም አለ፤ እሷን ስንከተል ደግሞ ስለ «ከ» ራሷ አስበን የማናውቀውን ነገር እናገኛለን።

ስህተት ነው? እስኪ እንፈትነው

እኔ የተማርኩት ሲቪል ምህንድስና ነው። መለካት ስንማር መጀመሪያ የሚነገረን ነገር አለ፦ ሁለት ዓይነት መዛነፍ አለ። መሣሪያው አንዴ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቢጨምር፣ ሌላ ጊዜ አምስት ቢቀንስ፣ ቀጥሎ ደግሞ ልክ ቢሆን፣ በዚያ መሣሪያ አትመኑ። ሁልጊዜ ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚጨምር ከሆነ ግን መሣሪያው ሥርዓት አለው፤ መነሻው ነው የተለየው።

«ተ»ን በዚህ ዓይን እንያት። እኛ ጋ «ከላይ» ተላይ ነው፣ «ከታች» ተታች፣ «ከዚህ» ተዚህ፣ «ካንተ» ታንተ፣ «ከምኔው» ተምኔው። ግስ ላይም ያው ነው፤ «ከመጣ እነግረዋለሁ» የሚለው «ተመጣ እነግረዋለሁ» ይሆናል። እስካሁን «ከ»ን በ«ተ» መተካት ብቻ ይመስላል።

አሁን ፈተናውን እናክብደው። «ከበደ ከከተማ መጣ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ውሰዱ። ሦስት «ከ» አለበት። አያቴ እንዴት ይሉታል? «ከበደ ተከተማ መጣ» ነው የሚሉት። የሰውየው ስም አልተነካም፤ ከተማዋም ከተማ እንደሆነች ቀርታለች። «ተበደ ተተተማ መጣ» የሚል ሰው በመላው ወሎ አታገኙም። የተለወጠችው መሐል ያለችው መስተዋድድ ብቻ ናት።

ይህ ማለት ተናጋሪው ድምፅ አልተሳሳተም። የትኛው «ከ» የቃሉ አካል እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ ከውጭ የተለጠፈ መስተዋድድ እንደሆነ ሳያስብ ይለያል። ትምህርት ቤት ገብተው የማያውቁት አያቴ ይህን የሰዋስው ትንተና በሰከንድ ውስጥ ይሠሩታል። በነገራችን ላይ ይህች «ተ» የእኛ ብቻ አይደለችም፤ በሌሎች የወሎ አካባቢዎችም በመንዝም ትሰማለች።

ሁለት «ተ» ሲገናኙ

እዚህ ላይ አንድ ጎበዝ አንባቢ እጁን ያወጣል። «አማርኛ እኮ ሌላ 'ተ' አለው። ሰበረ፣ ተሰበረ፤ ነገረ፣ ተነገረ። አይምታታም ወይ?»

አንዳንዴ ይምታታል። «ለእናቱ ተነገረ በኋላ ሄደ» ብል፣ የአዲስ አበባ ሰው «ተነገረ» የሚለውን «ሰዎች ነገሩ» እንደማለት ሊሰማው ይችላል። እኛ ጋ ግን «ለእናቱ ከነገረ በኋላ» ማለት ነው። ድምፁ አንድ ነው፤ የሚለየው ቀጥሎ የመጣው «በኋላ» ነው።

ሁለቱ «ተ» አንድ ላይ ሲመጡስ? «ከተነገረ በኋላ» የሚለው «ተተነገረ በኋላ» ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ከውጭ ያለችው «ተ» መስተዋድዷ ናት፣ ከውስጥ ያለችው የግሱ ናት። ሽንኩርት እንደመላጥ ነው፤ የውጭውን ሳታነሱ የውስጡን አታገኙም።

ይህ ለቀልድ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ወይም ፊደል የሚያርም የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚማረው ከተሰጠው ጽሑፍ ነው። የተሰጠው ጽሑፍ በሙሉ «ከ» የሚል ከሆነ «ተተነገረ» ለእሱ የትየባ ስህተት ነው። «ተነገረ በኋላ»ን ደግሞ በራሱ መንገድ ያቃናዋል፤ ሲያቃናም ተናጋሪው ያላለውን ይጽፋል። አንዲት እናት ለሐኪም የተናገረችው ቃል በማሽን ሲጻፍ ማን ለማን ነገረ የሚለው ቢገለበጥ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

መውረድ፦ ወደ ወንዙ ወይስ ከተራራው?

አሁን ወደ ከበደው እንቆቅልሽ እንሂድ። «ከ» ማለት ምን ማለት ነው? ብዙዎቻችሁ «መነሻን ያሳያል» ትላላችሁ፤ በእንግሊዝኛ «ፍሮም» እንደሚሉት። «ከደሴ መጣ» ማለት መነሻው ደሴ ነው።

እኛ ጋ አንዲት ሴት ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ «ተወንዝ ወረደች» ይባላል። ወዴት ሄደች? ወደ ወንዙ። «ተተራራው ወረደች» ሲባልስ? ከተራራው ተነሥታ ወረደች። ግሱ ያው «ወረደች» ነው፣ መስተዋድዷም ያችው ናት፤ አንዱ ጋ መድረሻ፣ ሌላው ጋ መነሻ ሆነች።

«ይሄ የገጠር አነጋገር ነው» እንዳትሉ፣ የራሳችሁን አማርኛ ስሙት። «ልጁ ከትምህርት ቤት ቀረ» ስትሉ ልጁ ትምህርት ቤት የለም። «መኪናው ከመንገድ ቀረ» ስትሉ ግን መኪናው እዚያው መንገድ ላይ ነው። «ከወንበሩ ላይ ተነሣ» እና «ከወንበሩ ላይ ተቀመጠ» የሚሉትንም አስተያዩ። ሁለቱም ላይ «ከ» አለ። አንዱ ወንበሩን ትቷል፣ ሌላው ወንበሩን ይዟል።

ለጊዜም ያው ነው። «ከትናንት ወዲያ» ወደ ኋላ ይወስደናል፤ «ከነገ ወዲያ» ደግሞ ወደ ፊት። ታዲያ «ከ» በምን አቅጣጫ ነው የምታመለክተው?

መልሱ፦ በየትኛውም

ይህን የተረዳሁት በቋንቋ መጽሐፍ አይደለም፤ የቅየሳ ትምህርት ላይ ነው። መምህራችን ሰሌዳው ላይ «2600 ሜትር» ብሎ ጻፈና «ይህ ቁጥር ምን ይነግራችኋል?» አለ። ዝም አልን። «ምንም አይነግራችሁም። ከምን?» አለ። ከፍታ ያለ መነሻ ነጥብ ትርጉም የለውም። ያንን ነጥብ በሙያው ዳተም እንለዋለን።

እስኪ ይህን ዓረፍተ ነገር አንብቡ፦ «መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች።» ሁለት «ከ» አለ፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ግን የለም። ከተማዋ ከባሕር ተነሥታ አልመጣችም። የመጀመሪያዋ «ከ» የምትለው «መለኪያህን እዚህ ትከል» ነው። ላይ ወይስ ታች የሚለውን የሚነግረን «በላይ» የሚለው ቃል ነው። ከመካነ ሰላም አምባ ተነሥታችሁ ዓባይ ሸለቆ ውስጥ ብትወርዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ትላላችሁ፤ እሱንም የምንለካው በዚያችው «ከ» ነው።

እንግዲህ «ከ» ቀስት አይደለችም፤ ችካል ናት። ነጥቡን ትተክላለች፤ አቅጣጫውን የሚሰጡት ግሱ እና እንደ ላይ፣ ታች፣ ወዲያ ያሉት ቃላት ናቸው። «እሷ ከእሱ ትበልጣለች» ስንልም እሱ ችካሉ ነው፤ እሷ የምትለካው ከእሱ ነው። በግዕዝ፣ በዕብራይስጥና በዓረብኛም ለማወዳደር የሚያገለግለው ያው «ከ» የሚለው ቃል ነው።

አንድ ደብዳቤ፣ ሁለት መስተዋድድ

ለዚህ የሚሆን የጽሑፍ ማስረጃ አለ፤ ያውም ከቤተ መንግሥት። የአፄ ምኒልክን ደብዳቤዎች ፎቶ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ከላይ ማኅተሙና ማዕረጉ አለ፦ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ»። ይህ ግዕዝ ነው። መሐሉን እንፍታው፤ «ዘ» የ ማለት ነው፣ «እም» ከ ማለት ነው፣ «ነገደ ይሁዳ» የይሁዳ ነገድ። ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ ድል አደረገ ማለት ነው። እዚህ ላይ መነሻን የሚያሳየው «እም» ነው።

ጥቂት ወረድ ስትሉ አማርኛው ይጀምራል፤ በዚያ ዘመን ደብዳቤዎች በብዛት «ይድረስ ከ…» ይላሉ፣ ቀጥሎም የተቀባዩ ስም። ደብዳቤው የሚሄደው ወደ ሰውየው ነው፤ የተጻፈው ግን «ከ» ተብሎ ነው! የዛሬ አንባቢ «ላኪው ማነው?» ብሎ ግራ ሊጋባ ይችላል። የዘመኑ ጸሐፊ ግን አልተሳሳተም። «ይድረስ» የሚለው ግስ አቅጣጫውን ነግሮናል፤ «ከ» ቦታውን ትተክላለች። አያቴ «ተወንዝ ወረደች» ሲሉ የሚጠቀሙት ይህንኑ የቤተ መንግሥት ሰዋስው ነው።

ዛሬ ይህ ቦታ ለሌሎች ተሰጥቷል። ደብዳቤ ላይ «ለ» እንጽፋለን፣ ለጉዞ «ወደ» እንላለን። «ከ» በብዛት መነሻን ብቻ እንድታሳይ ጠበበች። አሮጌው ሰፊ ትርጉሟ ግን በ«ከመንገድ ቀረ» እና በ«ከወንበሩ ላይ ተቀመጠ» ውስጥ ቀርቷል።

እህትማማቾቹ ምን ይላሉ?

ግዕዝ «እምነ» ወይም በአጭሩ «እም» ይላል። የዓረብኛና የዕብራይስጥ «ሚን» ዘመዱ ነው። በሰሜን ትግረ ይህንኑ ሥር ጠብቆ «ምን» ይላል። ትግርኛ ግን «ካብ» ይላል፣ አማርኛ «ከ»። ወደ ደቡብ ወርደን ጉራጌ ስንደርስ፣ ቸሃ ላይ ለተመሳሳይ ሥራ የምናገኛት «ተ» ናት። ስለዚህ «እም»ን ትቶ ሌላ ቃል የመረጠው አማርኛ ብቻ አይደለም፤ ከመረጡትም መካከል «ተ» የሚሉ አሉ። የወሎዋ «ተ» ብቸኛ ወፍ አይደለችም።

አማርኛ ከግዕዝ የተለየበት ሌላም ነገር አለ። ግዕዝ «ላዕለ ምድር» ይላል፤ «ላይ» የሚለው ቃል ከፊት ነው። እኛ «ምድር ላይ» እንላለን፤ ወደ ኋላ ሄደ። «ላዕል» ላይ ሆነ፣ «ታሕት» ታች ሆነ፣ ሁለቱም ከስሙ ኋላ ተሰለፉ። ግሱም እንዲሁ፤ በግዕዝ አብዛኛውን ጊዜ ፊት ይመጣል፣ በአማርኛ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። የቋንቋ አጥኚዎች ይህን አማርኛ እንደ አገው ካሉ የኩሽ ቋንቋዎች ጋር አብሮ ከመኖሩ ጋር ያያይዙታል። እንዲህ ሆኖ ነው «ከምድር ላይ» የምንለው፦ ሴማዊዋ ቃል ከፊት፣ በኩሽ ልማድ ወደ ኋላ የሄደችው ከኋላ፣ ስሙ መሐላቸው።

የአካባቢያችን ካርታም ይህንኑ ይናገራል። መካነ ሰላም ግዕዝ ነው፤ የሰላም ቦታ። ብዙም ሳይርቅ ያለው የቱሉ አውሊያ ስም ደግሞ «ቱሉ» በኦሮምኛ ኮረብታ፣ «አውሊያ» በዓረብኛ ቅዱሳን ሰዎች ነው። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው። እዚያ የሚማር ልጅ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ሲሄድ ሦስት ቋንቋ ያቋርጣል።

እንግሊዝኛም ቢሆን እንዲሁ ነው። «ፍሮም» በድሮው እንግሊዝኛ «ፍራም» ነበር፤ ሥሩ «ወደፊት» ከሚል ሐሳብ የመጣ ነው። በዛሬው ስዊድንኛ «ፍራም» አሁንም ወደፊት ማለት ነው። ወደፊት የሄደ ሰው ከኋላው የሚተወው ቦታ አለ፤ ቃሉ ቀስ በቀስ ወደዚያ ወደተተወው ቦታ ዞረ። «ዊዝ» ደግሞ፣ ዛሬ «ጋር» ብለን የምንፈታው፣ በድሮ ዘመን «በተቃራኒ» ማለት ነበር። አትደነቁ፤ በእኛም «ሰውየው ከጣሊያን ጋር ተዋጋ» ሲባል አርበኛ ይመስለናል፣ ባንዳ እንደነበረ ከነገሩን ግን ትርጉሙ ይገለበጣል።

«ትክክለኛው» አማርኛ የት ነው ያለው?

መጀመሪያ ላይ የሳቁብኝ ልጆች አንድ ነገር በልባቸው ይዘው ነበር፦ ትክክለኛ አማርኛ አለ፣ እሱም ከእኛ ሰፈር ውጭ ነው። ታሪኩ ግን ያስገርማል።

አማርኛ ስሙን ያገኘው ከአማራ ነው፤ የጥንቱ ቤተ አማራ ደግሞ በአብዛኛው በዛሬው ደቡብ ወሎ ምድር ነበር። ከዚያው አገር፣ ከመካነ ሥላሴ፣ አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ ካህን ተነሥተው ሮም ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ1649 እዚያ ሂዮብ ሉዶልፍ ከሚባል የ25 ዓመት ጀርመናዊ ጋር ተገናኙ። መጀመሪያ የተግባቡት ሉዶልፍ ከመጽሐፍ በተማረው ግዕዝ ነበር። በ1652 ወደ ጀርመን፣ ወደ ጎታ ከተማ ተጋብዘው ሄዱና አብረው ሠሩ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ። ሉዶልፍ ግን ማስታወሻውን ይዞ ቆየ፤ በ1698 ፍራንክፈርት ላይ የመጀመሪያውን የታተመ የአማርኛ ሰዋስውና ከእሱ ጋር የአማርኛ መዝገበ ቃላት አወጣ።

ስለዚህ አማርኛ ለመጀመሪያ ጊዜ በታተመ ሰዋስው ሲሰፍር፣ ችካሉ የተተከለው በዚህ ደጋ ሰው አንደበት ላይ ነበር። የመንግሥት መቀመጫ በዚያን ጊዜ ጎንደር ነበር፤ ኋላም ሸዋ፣ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1886 የተቆረቆረችው አዲስ አበባ። ማተሚያ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሬዲዮው የተተከሉት እዚያ ነው። መለኪያውም አብሮ ሄደ። «ትክክለኛ አማርኛ» ራሱ ዳተም ነው፦ ሰዎች ተስማምተው የተከሉት ነጥብ። የባሕር ወለልን መለኪያ ያደረግነው ባሕር ከተራራ ስለሚበልጥ አይደለም፤ የጋራ ነጥብ ስለሚያስፈልገን ነው።

የጋራ ነጥብ ደግሞ በእርግጥ ያስፈልገናል። ይህን ጽሑፍ በ«ከ» የጻፍኩት ጅማም ጎንደርም ያላችሁ ሳትደናቀፉ እንድታነቡት ብዬ ነው። ፈተና ላይም «ከ» ጻፉ፤ ያዋጣል። ነገር ግን መለኪያን ከእውነት ጋር ማምታታት የለብንም። አንድ ልጅ «ተ» ሲል «ተሳስተሃል» ብንለው፣ ያለው ሥርዓት እንዳለ ሳይታይ ይቀራል። ልጁ በሴሚስተር ውስጥ ይተዋታል፤ እኔም ትቻት ነበር። ሁላችንም ስንተዋት ደግሞ «ተወንዝ ወረደች» የሚለው ዓረፍተ ነገር አብሮ ይሄዳል፤ የድሮ ደብዳቤዎቻችንን እንድናነብ የረዳን ቁልፍም አብሮት ይጠፋል።

አሁን አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ቤታችሁ ያሉትን ትልልቅ ሰዎች ለአንድ ቀን በጥንቃቄ ስሟቸው። «ከ» ወይም «ተ» ባሉ ቁጥር ዓረፍተ ነገሩን ጻፉና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ነጥቡ የት ነው? አቅጣጫውን የሰጠው የትኛው ቃል ነው? ሃያ ዓረፍተ ነገር ከሰበሰባችሁ ቀላል ማስረጃ አይደለም።

እኔ ባለፈው ፋሲካ ደብተር ይዤ ገባሁ። አያቴ ገና በር ላይ ሳሉ «ተየት መጣህ?» አሉኝ። «ተአዲሳባ» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «እንዲህ ነው እንጂ» አሉ።